ጸበል አልነበረም የሄድነው

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም ወንድምሽም አያትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ከብዷል። ዛሬም ከንጋት ጀምሮ ሳያባራ እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ወንድምሽ ከጓዳ ሆኖ የሚለኝ አይሰማኝም። ፍልሰታ ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። እስከዚያ ጠዋቱን ይዤ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥሁ። ስጨርስ ወንድምሽ ፎቶ አንሥቶ፣ ኔትዎርክ ሲመጣ በቴሌግራም ይልክልሻል።

በስልክ ብትነግሪኝስ ትይኝ ይሆናል። በስልክማ ሞክሬው ነበር። የአንቺ ድምፅ ሲለወጥ የእኔም ሆድ ይባባል፤ ከዚያ ነገሩ ሳይነገር "በይ በርቺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ" ብለን እንዘጋለን። ወረቀት ላይ ግን የጀመርሁትን እጨርሳለሁ።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ወንድምሽ ከጓደኛሽ ፌስቡክ ላይ አግኝቶት ነው ያሳየኝ። ቆሎ እየቆላሁ ነበር፤ "እማ፣ እኅቴ ባሕር ዳር ሄዳለች" ሲለኝ ብረት ምጣዱን እሳት ላይ ጥዬ ተነሣሁ። የእኛው ባሕር ዳር መስሎኛል። ሳትነግረን ከጀርመን መጥታ፣ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ወርዳ፣ መንገዱ እስኪከፈት እዚያ እየጠበቀች ነው ብዬ አሰብሁ። ለጥቂት ጊዜ እንዲያ አስቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን ሲያቀርብልኝ አሸዋው ነጭ ነው፣ ውኃው መጨረሻ የለውም፤ አንቺ ሱሪሽን እስከ ጉልበትሽ ሰብስበሽ፣ ነፋስ ፀጉርሽን በትኖት፣ ጥርስሽ ሁሉ ታይቶ ትስቂያለሽ። እንዲህ ስትስቂ ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ ነው! አልጠገብሁትም። ቆሎው አርሯል እስኪለኝ ድረስ ስልኩን ይዤ ቆየሁ።

ኋላ ቀኑን ጠየቅሁት። ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ። ያን ቀን ማታ ደውዬልሽ ነበር። የገብርኤል በዓል ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ውዬ፣ የቂርቆስንና የኢየሉጣን ታሪክ ሲነበብ ሰምቼ፣ እናትና ልጅ በፈላ ውኃ ሲጣሉ መልአኩ ፍላቱን እንዳበረደላቸው እያሰብሁ፣ አንቺን በልቤ ይዤ ነው የተመለስሁት። "እንዴት ዋልሽ?" ብልሽ፣ "ሥራ ነበርሁ እማዬ፣ ደክሞኛል" አልሽኝ። አይዞሽ ብዬሽ ተኛሁ። ለካ አንቺም ያን ቀን ከውኃ ዳር ነበርሽ።

ስጠይቅሽ ደግሞ አለቀስሽ። "እናንተ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ እያላችሁ ከከተማ መውጣት ሲቸግራችሁ፣ እኔ ውኃ ዳር ተዝናናሁ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ይቅር በይኝ፣ ብሩንም እተካዋለሁ" አልሽኝ። እተካዋለሁ! ለማን ነው የምትተኪው?

ልጄ፣ ይቅርታ የምትጠይቂበት ነገር የለም። ይህን ለመጻፍ ነው የተቀመጥሁት። ግን ይህን ብቻ ብዬ ብዘጋው አታምኚኝም። መደበቁን ከማን እንደተማርሽው አውቃለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ። አስቀድሜ መንገድሽን ላውራው፤ ቀስ በቀስ ከአፍሽ ያወጣሁት ነው፣ ሌሊት ሌሊት እያሰብሁት ነው የምተኛው።

ሃያ ሁለት ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ቆሎና ሻይ የሸጥሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ከባሕሩ በፊት የትኬቱን ነገር ነው ደጋግሜ የጠየቅሁሽ። በወር 58 ዩሮ ትከፍያለሽ። ከዚያ በኋላ የከተማው አውቶቡስ፣ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር፣ ትራሙ፣ ከክልል ወደ ክልል የሚሄደውም ባቡር ሁሉ በዚያው ትኬት ነው፣ አገሩን ሙሉ። በፈጣኖቹ የሩቅ መንገድ ባቡሮች ግን አይሠራም። ከሁለት ዓመት በፊት ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ ዘንድሮ 58 ገባ አልሽኝ። ታዲያ ይህ ለሥራሽ ስትመላለሺ አስቀድመሽ የከፈልሽው ትኬት አይደለም? ለመንገዱ አንድ ሳንቲም ሳትጨምሪ ነው ባሕር ደርሰሽ የተመለስሽው። የምትተኪው ብር የቱ ነው?

ያን ከሰማሁ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር አልወጣልኝም። መናኸሪያው በር ላይ ሰው ታሪፉን በመዳፉ ቆጥሮ፣ ትርፍ ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ስንቴ አይቻለሁ። ለቅሶ ሊደርስ፣ ሕመምተኛ ሊጠይቅ፣ እናቱን ሊያይ። ለወር የከፈሉት ትኬት ለሥራም ለናፍቆትም የሚሆንበት አገር መኖሩን ማወቄ ብቻ ደስ አለኝ። ልጄ እዚያ አገር ስለሆነች ደግሞ ይበልጥ።

ወንበሩ ቁጥር የለውም፣ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል አልሽኝ። እሱማ የእኛው ነው! በበጋቸው ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ስለሚጎርፍ ከበርሊን ስትነሡ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ሐዲዱ ዳር ቆማችሁ ጠበቃችሁ። ያን ያወቅሽው ከእኔ ጋር መናኸሪያ ስታነጊ ነው። ተራ አስከባሪ የለም፤ "ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ አንድ ሰው የቀረው!" የሚል ረዳት የለም። ሰሌዳው ላይ ሰዓቱ ይጻፋል፣ በሩ በራሱ ይዘጋል፣ ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ሁሉም ስልኩን ያሳያታል። እስከ ሮስቶክ ሦስት ሰዓት ገደማ፤ ከዚያ በሌላ ትንሽ ባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ቫርነሙንደ። ከጣቢያው ወርዳችሁ የዓሣ ጀልባዎች የቆሙበትን ቦይ በእግራችሁ ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ባሕሩ ነው።

የላክሁልሽን ቆሎ ባቡር ላይ ማውጣትሽን ስትነግሪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ገብሱና ሽምብራው፣ ሱፍ የተጨመረበት። ፊት ለፊትሽ የተቀመጡት አሮጊት አንድ ጊዜ ከዘገኑ በኋላ ሁለተኛ መዳፋቸውን ዘረጉ አልሽኝ። እዚህ ስንቱን መንገደኛ በመስኮት አቀብዬ ሸኝቻለሁ። የእኔ ቆሎ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ በአውሮፕላን ሄዶ፣ በባቡር ባሕር ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን ስለዚያ የስፌት ወንበር። ፎቶው ላይ ከኋላሽ ተደርድሮ ያለውን መጀመሪያ ጎጆ መስሎኝ ነበር። ጣራ ያለው፣ ከሦስት በኩል የተሸፈነ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ለቀን የሚከራይ። ታሪኩን ስትነግሪኝ የያዝሁትን ስፌት አስቀመጥሁ። በእነሱ አቆጣጠር በ1882 ቁርጥማት የያዛቸው አንዲት እመቤት ሮስቶክ ወደሚኖር ዊልሄልም ባርተልማን ወደሚባል ቅርጫት ሠሪ ሄዱ። ሕመሜ ቢኖርም ከባሕሩ ዳር መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚጋርደኝ መቀመጫ ሥራልኝ አሉት። ሠራላቸው። መጀመሪያ የሠራው የአንድ ሰው ነበር፤ ሰው አይቶ ሲፈልገው የሁለት ሰው ሠራ። በማግስቱም ዓመት ሚስቱ እዚያው ቫርነሙንደ ማከራየት ጀመረች።

በስንደዶና በአክርማ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ለእንጀራ፣ ለእህል፣ ለሰርግ፣ ለፍርፍር ማቅረቢያ ሰፍቻለሁ። ለታመመ ሰው ውኃ ማያ ይሰፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወስፌ ይዞ የዋለ ሰው የጅማትን ሕመም ያውቃል፤ እኔም አሁን ክረምት ሲገባ ጣቶቼ አይታጠፉልኝም። ያ ሰው "እመቤቴ፣ ታመዋል፣ ከቤትዎ ይዋሉ" ሊላቸው ይችል ነበር። አላላቸውም። እሳቸውም መድኃኒት አልጠየቁትም። መቀመጥ፣ ውኃውን ማየት፣ ያንን ነው የጠየቁት። ሳያፍሩ፣ ምክንያት ሳይፈጥሩ።

እኔ ያን ጊዜ እንደሳቸው ደፍሬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አንቺን ውሸት ባላስተማርሁሽ።

አብራሽ የሄደችው የምፅዋ ልጅ ውኃውን ቀምሳ "ይህ ባሕር አይደለም፣ ሐይቅ ነው" ማለቷን ወድጄላታለሁ። ለወንድምሽ ስነግረው ትክክሏን ነው አለኝ። ባልቲክ የሚባለው ያ ባሕር ብዙ ወንዝ ይገባበታል፣ ከትልቁ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው በጠባብ በር ነው፣ ስለዚህ ጨው ያንሰዋል። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ እናንተ የገባችሁበት ቦታ የዚያ ሲሶ ቢሆን ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ከውቅያኖሱም ይበልጥ ጨዋማ ነው፣ እሷ በዚያ አድጋ ይህ ባሕር አይደለም ብትል አይፈረድባትም። እኔ ግን በልቤ፣ እንግዲያውስ የጣና ዘመድ ነው አልሁ። ጣናንም እኮ አገሬው ባሕር ነው የሚለው።

የእኛ ውኃ ወደ አንቺ ይደርስ እንደሆነም ጠይቄው ነበር። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ይዞራል፤ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ይገናኛል፤ ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይገባል። የእኅቴ ባሕር ሌላ ነው አለኝ። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። ወደ ሜዲትራኒያን የምትሄጂበት ቀን ከመጣ እዚያም እግርሽን ንከሪ፤ ያኔ የአገርሽ ውኃ ነው የሚነካሽ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ትምህርት ቤት ሳለን "ከባሕር ወለል በላይ" እያልን ስንሸመድድ ኖረናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ጣና 1,800 ሜትር ያህል። ያ ባሕር ወለል የሚሉት የቱ ጋ እንደሆነ የነገረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም። አንቺን ፎቶው ላይ ሳይሽ ነው የገባኝ፤ እግርሽ ያረፈበት ነው። እዚህ ሁላችንም የምንለካው ልጄ ሱሪዋን ሰብስባ ከቆመችበት ጀምሮ ነው።

በይ እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

1998 ዓ.ም.፣ ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ እኔም መናኸሪያ ከገባሁ እንዲሁ። ወንድምሽ አራት ዓመቱ ነበር፤ እሱን አያትሽ ዘንድ ትቼው ሁለታችን ሄድን። ምን ያህሉን እንደምታስታውሺ አላውቅም። ለሰው ሁሉ ጸበል ነበርን ብለናል፤ ደጋግሜ ስለው ኖሬ አንቺም ጸበል መስሎሽ ይሆናል። ጸበል አልነበረም የሄድነው። ጣናን ልናይ ነበር የሄድነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ዘመድ አልነበረኝም፣ የሚሸጥ ነገር አልያዝሁም፣ አንቺም ጤነኛ ነበርሽ።

ሦስት ዓመት ሙሉ "ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር!" ሲጮህ እሰማለሁ። ሰው ይሳፈራል፣ ቆሎውን አቀብላለሁ፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይወጣል፣ እኔ እዚያው ነኝ። የታኅሣሥ ዕቁብ ሲወጣልኝ ብሩ ለጣራው ቆርቆሮ ነበር። አክስትሽም ታውቀዋለች፣ የወንድሟ ቤት እንዳይፈርስ እሷ ናት ስትወተውተኝ የኖረችው። ብሩን ሦስት ቀን ደረቴ ውስጥ ይዤው ዋልሁ። በአራተኛው ቀን ከእሱ ላይ ቀንሼ ትኬት ቆረጥሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀሰቀስሁሽ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ጋቢዬን አልብሼሽ ወጣን። ሹፌሩ ደንበኛዬ ነበር፤ ከሞተሩ ጎን አስቀመጠን፣ ለአንቺ አላስከፈለኝም። አማኑኤል ሳንደርስ ነጋ። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም። ከዚያ አስመለሰሽ፤ መስኮት ክፈቱልኝ ብል "ሴትዮ፣ በብርድ ልትፈጂን ነው?" ተባልሁ። አንዲት የማላውቃት እናት ከጉያዋ ሎሚ አውጥታ ሰጠችሽ፣ እሱን እያሸተትሽ ቡሬ ደረስን። ከዚያ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መራዊ። እያንዳንዱን ስም ከረዳቶቹ አፍ ሰምቼዋለሁ፣ አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ በር ላይ በሬ የታሠረበት፣ ሴቶች እንስራ አዝለው የሚሄዱበት፣ ልጆች ለአውቶቡስ እጃቸውን የሚያወዛውዙበት አገር ነው። አንቺ ለሁሉም መልሰሽ ታወዛውዢ ነበር።

ባሕር ዳር ደርሰን፣ ዘንባባዎቹን አልፈን፣ ጊዮርጊስን ተሳልመን ወደ ውኃው ወረድን። ብዙ ዝም ካልሽ በኋላ "እማዬ፣ ማዶው የታለ?" አልሽኝ። የምመልስልሽ አጣሁ። የማውቀው ወንዛችንን ጨሞጋን ነው፤ ጨሞጋ ማዶ አለው። እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ሲመጡ ቆመን አየን። ጫማሽን አወለቅሽ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፣ ሰው ያየኛል ብዬ እየፈራሁ። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ወደ ውኃው ነበር የሚያየው። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ከእግሬ ሥር አሸዋው ሲሸሽ ወድቄ የምሄድ መስሎኝ እጅሽን ያዝሁ፤ አንቺ ግን "አይዞሽ" አልሽኝ። በስምንት ዓመትሽ! ማታ የተጠበሰ ዓሣ በላን፣ አንድ አልጋ ይዘን አደርን። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ሳልነቃ ያደርሁበት የመጀመሪያው ሌሊት ነበር።

በማግስቱ ስንመለስ፣ አማኑኤልን እንዳለፍን፣ ጎንበስ ብዬ በጆሮሽ "ሰው ከጠየቀሽ ጸበል ነበርን በይ" አልሁሽ። "ለምን?" አልሽኝ። "ዝም ብለሽ በይ" አልሁሽ።

አክስትሽ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የቆርቆሮው ብር እንዴት ሆነ አለችኝ። "ልጅቱ ሳል ጸንቶባት ጸበል ወስጃት ነበር" አልሁ። ዞራ አንቺን አየችሽ። አንቺም በዚያ በትንሽ አፍሽ "አዎ፣ ጸበል ነበርን" አልሻት። ከዚያ ሳልሽላት። እኔ ሳዪ አላልሁሽም ነበር፤ ከራስሽ አምጥተሽ፣ አፍሽን በመዳፍሽ ይዘሽ፣ ሁለት ጊዜ ሳልሽ።

ያን ሳል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። የእግዚአብሔርን ነገር መሸፈኛ ማድረጌን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ለአንቺ ግን ምንም አልነገርሁሽም። አንቺ ከዚያ ቀን የተማርሽው ጣናን አይደለም፤ ሰው ደስ ካለው ሳል ማምጣት እንዳለበት ነው። ቀኑን አውቄ "ሥራ ነበርሁ፣ ደክሞኛል" ያልሽኝን ሳስታውስ፣ ያቺው ልጅ አፏን በመዳፏ ይዛ ፊቴ ቆመች።

ድሃ ለጸበል ቢያወጣ፣ ለሕክምና ቢያወጣ፣ ለተዝካር ቢበደር ማንም አይጠይቀውም። ውኃ ለማየት ያወጣሁት ብር ግን ከልጆቼ አፍ የሰረቅሁት ሆኖ ተሰማኝ። ባሌ የሞተብኝ ሴት ስለሆንሁ ስስቅ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የሚቆጥርብኝ መሰለኝ። አሁን አንቺ ደግሞ እኛን እያሰብሽ እንደዚያው ሆነሻል። አምስት ቀን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሺ፣ ስታጥቢ፣ ስታጎርሺ ትውያለሽ፤ ወገብሽን እንደሚያምሽ ድምፅሽ ይነግረኛል። በስድስተኛው ቀን ክፍልሽ ውስጥ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ብታለቅሺ እዚህ መንገዱ አይከፈትልንም፣ ዘይትም አይረክስልንም። ከባሕር ተመልሰሽ ስትደውዪልኝ ግን ቤታችን የሚገባው ድምፅ ሌላ ነው። እኔ ያን ድምፅ እፈልገዋለሁ። ስለራበኝ እፈልገዋለሁ።

ስለዚህ ሂጂ። መስከረም ሳይበርድ ደግመሽ ሂጂ። ሦስታችሁ አዋጥታችሁ ያን የስፌት ወንበር ተከራዩ፤ ባለፈው ተወዶብን አሸዋ ላይ ተቀመጥን ያልሽውን አልወደድሁትም። ስትመለሺ እንደ ባለፈው ባቡሩ ሞልቶ ቆመሽ እንዳትመጪ፣ ሰው ሳይነሣ አንድ ባቡር ቀድመሽ ውጪ። ስለ ውኃው ደግሞ እናትሽ ነኝና ልናገር። ባንዲራውን እይ። ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነው ከተሰቀለ ጠባቂ አለ ማለት ነው። ሁለመናው ቢጫ የሆነ ካየሽ ዋና ለማይችል አደገኛ ነው፤ አንቺ ዋና አትችይም። ሁለመናው ቀይ ከሆነ እግርሽንም እንዳትነክሪ። ወንድምሽ አንብቦልኝ ነው፣ ሸምድጄዋለሁ። ዋናም ተማሪ፤ የምፅዋዋ ልጅ እያለችልሽ የምን ማመንታት ነው? ጨሞጋ በክረምት ስንቱን እንደወሰደ ታውቂያለሽ፤ ሁሉም ወንዙን የሚያውቁት የመሰላቸው ልጆች ነበሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ፍልሰታ በገባችበት ቀን ከቅዳሴ ከአክስትሽ ጋር አብረን ተመለስን። አሁን አርጅታለች፣ ክንዴን ይዛ ነው የምትሄደው። ዝናቡ ስለመጣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ነበርን። ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ እንደሆነ በልቤ ስለቆረጥሁ፣ አስቀድሜ ለእሷ መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። "ያኔ በ98 ጸበል አልነበረም የሄድነው። ጣናን ላሳያት ነው የወሰድኋት። የቆርቆሮው ብር ነው" አልኋት።

ቆመች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ የወንድሟን ስም ታነሣለች ብዬም ጠበቅሁ። ጃንጥላው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ብዙ ቆየን። ከዚያ ቀና ብላ "ውኃው እንዴት ነበር?" አለችኝ።

19 ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቤቷ ደጃፍ እስክንደርስ ድረስ ነገርኋት፤ ታንኳዎቹን፣ አሸዋው ከእግሬ ሥር ሲሸሽ፣ አንቺ አይዞሽ ስትይኝ። ደርሰንም አልገባችም፣ ዝናቡ ላይ ቆማ አስጨረሰችኝ።

እኔም አንቺን ስለ ቀኑ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ትኬቱ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ብሩ ጠየቅሁሽ፣ ይህን ግን አልጠየቅሁሽም። ፎቶዎቹን አንድም ሳታስቀሪ ላኪልኝ፤ ደግመሽ ስትሄጂም ስልኩን ወደ ውኃው ዘርግተሽ ድምፁን ቅጂልኝ፣ አያትሽም ትሰማዋለች። እስከዚያው ግን ልጄ፣ ውኃው እንዴት ነበር? ይበርዳል? እስከ የት ገባሽ?

የምትናፍቅሽ
እናትሽ